ልዕልት ፀሐይ፤ የነርስ ልብስ የለበሱት የንጉሥ ልጅ

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ጊዜ በደረሰ ቍጥር አንድ ያረጀ ክርክር ይነሣል። ይኸውም ነርስነት ለራሱ ሲባል የሚመረጥ ሙያ ነው ወይስ ሐኪም ለመሆን ነጥብ ያልበቃው ሰው የሚያርፍበት ጥላ ነው የሚል ነው። እኛም ከትምህርት ገበታ ከተነሣን ብዙ ጊዜ ስላልሆነን ክርክሩን ከቅርብ እናውቀዋለን። ወጣቱ ቅጹን ሲሞላ ነርስነትን ከታች ያሰፍረዋል፤ ያ የታችኛው ሲደርሰው ደግሞ የትምህርቱን ዘመን እንደ ግዞት ይቈጥረዋል። በዛሬው እሑድ ከክርክሩ ወጣ ብለን የአንዲት ሴት ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል። እኒህ ሴት ከፈለጉት ሁሉ መምረጥ ሲችሉ፣ ምንም ባይሠሩም የሚጐድልባቸው ነገር ሳይኖር፣ ነርስነትን አንደኛ ምርጫቸው አደረጉ።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ ራስ ተፈሪ መኰንን ይባሉ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እናታቸው እቴጌ መነን ናቸው። ልዕልቲቱ በተወለዱ በሦስት ወር ውስጥ በእንግሊዝ አገር የነርሶች መመዝገቢያ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ አገር ነርስ ነኝ ብሎ የሚሠራውን ሰው የሚያግደው ሕግ አልነበረም፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ካቋቋመች 60 ዓመት ያህል አልፎ ሳለ የተማረውና ያልተማረው በአንድ ስም ይጠራ ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው በታወቀ ሆስፒታል ተምሮ የመንግሥት ፈተና ያለፈ ብቻ ሆነ። ይህ ሕግ ከ20 ዓመት በኋላ ልዕልቲቱንም ሊያገኛቸው ነው።

በአገራችን በዚያን ዘመን የነበረው ሁኔታ ሌላ ነው። ሆስፒታሎች ጥቂት፣ ሐኪሞቹም ከሞላ ጐደል የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በሽተኛን የሚያስታምም ዘመዱ ነው፤ ቍስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚቀቅል ሠራተኛ ቢገኝም በሥራው ላይ የለመደ ድሬሰር እንጂ ትምህርት ቤት ገብቶ የተመረቀ ነርስ አልነበረም። የሌላ ሰው ገላ ማጠብ፣ የሌላ ሰው ሽንት መድፋት ደግሞ የባሪያና የገረድ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። የንጉሥ ልጅ ይህን ሥራ ትሠራለች ብሎ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለንም።

ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. ሲነሣ ልዕልት ፀሐይ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት ሴቶች ለዘማቹ ልብስና ለቍስለኛው ፋሻ ሲያዘጋጁ እርሳቸውም በሥራው መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። የመርዝ ጋዙ ጕዳት ወሬም ከየግንባሩ ይደርስ ነበር። ሐኪምና ነርስ የሌለው ሠራዊት ምን እንደሚሆን በዚያ ዓመት የታየውን ያህል በሌላ ጊዜ የታየ አይመስለንም፤ ልዕልቲቱም ሙያቸውን ሲመርጡ ይህን ረስተው አይሆንም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ሃይፋና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። በግንቦት መጨረሻ ልዕልት ፀሐይ አባታቸውን ተከትለው እንግሊዝ አገር ደረሱ። ቋንቋውን ያውቁ ስለ ነበር በአስተርጓሚነት አባታቸውን ይረዱ ነበር። በባዝ ከተማ የነበረው የስደት ኑሮ በውጭ ሲታይ የንጉሥ ቤት ቢመስልም ገንዘብ የጠበበበት ቤት ነበር።

ብዙም ሳይቈዩ በለንደን በግሬት ኦርመንድ መንገድ ወደሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል በተማሪነት ገቡ። ይህ ሆስፒታል በ1844 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ብቻ ተብሎ የተከፈተ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ የሰው ትጋት የሚለካው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነውና።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የነርስ ተማሪ በሆስፒታሉ ግቢ በነርሶች ቤት ታድራለች። ማልዳ ትነሣለች፤ መጀመሪያ የሚሰጣት ሥራ መጥረግ፣ መወልወል፣ አልጋ ማንጠፍ፣ የሽንት ዕቃ ማጠብ ነው። ትምህርቱን የምትሰማው ከዚህ ሥራ በተረፈው ሰዓት ነው። ከእርስዋ በላይ ሲስተር የምትባል የክፍል ኃላፊ አለች፤ ከሲስተሮቹ ሁሉ በላይ ደግሞ ሜትሮን አለች። የሜትሮን ዓይን የአልጋ ልብስ እጥፋት እንኳ አያልፍም ይባላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ማዕረግ የሚገኘው በመወለድ ሳይሆን ቀድሞ በመግባት ነው። ልዕልቲቱ ሦስት ዓመት ያህል ከዚህ ሥርዓት በታች አደሩ።

በሕፃናቱ አልጋ አጠገብ የሚሠራው ሥራም ቀላል አልነበረም። ፔኒሲሊን ገና በሆስፒታል አይገኝም፤ ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ገና መውጣታቸው ነበር። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን፣ ጕሮሮው በዲፍቴሪያ የታፈነ ሕፃን፣ በተቅማጥ ውሃው ያለቀ ሕፃን የሚተርፈው በአብዛኛው በአስታማሚው ትጋት ነበር። ትኵሳቱን በየሰዓቱ መለካትና መጻፍ፣ ፈሳሽ በማንኪያ ጠብታ በጠብታ ማጠጣት፣ ጐኑን ማገላበጥ፣ አተነፋፈሱ ሲለወጥ ቀድሞ ማየት የነርስዋ ፈንታ ነው። ሐኪሙ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሌሊቱን በሙሉ የምታድረው ግን እርስዋ ናት። ነርስ የሐኪም ተላላኪ ናት የሚሉ ሰዎች ይህን የሌሊት ሥራ ቢያዩት ኖሮ አነጋገራቸውን በለወጡ ነበር።

በነሐሴ ወር 1931 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ፈተናውን አልፈው በመንግሥት መዝገብ የተጻፉ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። በዚያው ወር የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ተነሣ። ልዕልቲቱ ግን በያዙት የምስክር ወረቀት ረክተው አልተቀመጡም፤ ጠቅላላውን የነርስነት ትምህርት ለመቀጠል ጋይስ ወደሚባለው ትልቅ የለንደን ሆስፒታል ገቡ። ጋይስ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ በድልድዩ አጠገብ የሚገኝ ነው። ከጳጉሜ 1932 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት ሲደበድቡ ያ ሰፈር ከፍ ያለ ጕዳት ደርሶበታል።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ልዕልት ፀሐይ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ ጤና ጥበቃ ንግግር ማድረግ ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን ደሴ ሄደው በሆስፒታል ሠሩ። አሳባቸው በኢትዮጵያ የሕሙማን አስታማሚነትን ሥራ በሥርዓት ማቋቋም፣ ይልቁንም ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ነርስነትን የሚማሩበት ሆስፒታል ማየት ነበር።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌፍተናንት ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ስለ ነበሩ ልዕልቲቱም ወደ ነቀምት ሄዱ። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በዚያን ጊዜ መንገድ በክረምት ይህ ርቀት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ነፍሰ ጡር ሳሉ በደረሰባቸው ችግር በዚያው በነቀምት ዐረፉ። ካገቡ አራት ወር አልሞላቸውም፤ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። የተቀበሩት አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ነው።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ከሐዘኑ ይልቅ የሚያስደነግጠን ሌላ ነገር ነው። በአገሪቱ ከነበሩት በፈተና ከተመሰከረላቸው ጥቂት ነርሶች አንድዋ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በእርግዝና ምክንያት ከሞቱ የባላገሩ ሚስት ዕጣ ምን ነበር? በዚያ ክረምት በየጎጆው ስንት እናቶች እንደ ሞቱ የቈጠረ ሰው የለም።

ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባለው እንግሊዛዊት የኢትዮጵያ ወዳጅ፣ በጦርነቱ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ታሳትም የነበረችው፣ በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ታሰባስብ ጀመር። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1944 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ልዕልቲቱ ያሰቡት የነርሶች ትምህርት ቤትም በውስጡ ነበር። ልዕልቲቱ የተማሩበት የለንደኑ ሆስፒታል ከተከፈተ ልክ 100 ዓመት መሆኑ ነው፤ ይህን ያሰበበት ሰው ስለ መኖሩ ግን እንጃ። ሆስፒታሉ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፈው ታክሲ ጦር ኃይሎች ብሎ ሲጣራ የልዕልቲቱን ስም የሚያስታውስ ተሳፋሪ ጥቂት ነው።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከዚህ ሌላ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በዛሬው የካቲት 12 ሆስፒታል ተከፍቶ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኰንኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። በደቡብ በኩል በሲዳሞ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በይርጋለም ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ሐዋሳ ገና ከተማ አልሆነችም፤ ልዕልቲቱ በሞቱ ጊዜ በሐይቁ ዳር ከተማ የሚባል አልነበረም። የእርሻ ኮሌጁ የተከፈተው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ነርስነትና አዋላጅነት በዲግሪ ይሰጣሉ፤ ተማሪዎቹም በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል በተግባር ይለማመዳሉ።

እንግዲህ ቅጽ ለሚሞላው ወጣት የልዕልት ፀሐይ ሕይወት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እርሳቸው ከሕፃናት ነርስነት ጀምረው ወደ ጠቅላላው ነርስነት አለፉ፤ ዛሬ በአገራችን መንገዱ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። አራት ዓመት ያህል ጠቅላላውን የነርስነት ትምህርት የጨረሰ ሰው በሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ ያገለግላል፤ ቈይቶም በማስተርስ ዲግሪ አንድ ዘርፍ ይይዛል። የሕፃናት፣ የጨቅላ ሕፃናት፣ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን፣ የእናቶች ጤና የሚባሉት ይገኙበታል። በመጀመሪያ ዲግሪ ከጠቅላላው ነርስነት ወጣ ብለው የአእምሮ ሕክምናን ወይም የቀዶ ሕክምና ክፍልን ነርስነት የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። አዋላጅነት ግን ዛሬ ራሱን የቻለ ዲግሪ ነው፤ የነርስነት ቅርንጫፍ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

የአዋላጅነቱን ነገር ከሌላው ይልቅ ማንሣት የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ እናቲቱን ለማትረፍ ያለው ጊዜ አጭር ነው። የሠለጠነ አዋላጅ ሕፃኑ እንደ ወጣ ማሕፀን የሚያኰማትረውን ኦክሲቶሲን የተባለ መርፌ ይወጋል፤ ማሕፀንዋን ያሻል፤ የእንግዴ ልጁ በሙሉ መውጣቱን ያያል። የደም ግፊት ከፍ ብሎ የሚያንቀጠቅጣትን ነፍሰ ጡር ደግሞ በማግኒዝየም ሰልፌት ያረጋጋል። ይህ ሁሉ ትልቅ ሕንጻ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ያወቀ እጅ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቍጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በእነዚያ ዓመታት ጤና ጣቢያዎች በየወረዳው ተስፋፍተዋል፤ በውስጣቸው የሚሠሩትም አብዛኞቹ ወጣት ነርሶችና አዋላጆች ናቸው። ያም ሆኖ 412 ትንሽ ቍጥር አይደለም።

የሥራው ዕድል በአልጋ አጠገብ ብቻ አይወሰንም። ነርስ የክፍል ኃላፊ፣ ከዚያም ሜትሮን ይሆናል፤ በወረዳና በክልል ጤና ቢሮ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና፣ የክትባትን ሥራ ይመራል፤ በፋብሪካ፣ በትምህርት ቤትና በእርዳታ ድርጅት ይቀጠራል፤ በኮሌጅ ያስተምራል። ወደ ውጭ አገር የሚሄደውም ብዙ ነው፤ ይህን ለመውቀስ አንቸኵልም፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አይወቅስም። በነገራችን ላይ ሥራውን የሴት ብቻ አድርጎ የሚያይ ካለ በሐዋሳ አንዱን የሕሙማን ክፍል ይጐብኝ። በሽተኛው ሴቲቱን ሲስተር፣ ወንዱን ነርስ ደግሞ ዶክተር ብሎ ይጠራል፤ ወንዱም ሁልጊዜ አያርመውም።

ለወጣቱ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ቀርቷል። ዲግሪ ብቻውን ሥራ ላይ አያሰማራም፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች ከተመረቁ በኋላ የብቃት መመዘኛ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተጨምሯል። ይህን እንደ አዲስ ሸክም ቈጥረው የሚያጕረመርሙ ተማሪዎች ሰምተናል። ልዕልት ፀሐይ በ1931 ዓ.ም. የመንግሥቱን ፈተና ሲቀመጡ መርማሪዎቹ የሚጠይቁት ስለ ሕፃን ትኵሳት ነበር፤ ስለ አባታቸው አልነበረም።