ዶክተር አክሊሉ ለማና የአድዋ ልብስ አጣቢዎች

የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ የዝግጅት ክፍሉ ሲጠይቀን፣ በመጀመሪያ በአሳባችን የመጡት እንደተለመደው ነገሥታቱና የጦር መሪዎቹ ነበሩ። የእነርሱ ሥዕል ግን በዳንፎርዝ ላይ ባሉት ምግብ ቤቶቻችን ግድግዳ ሁሉ ተሰቅሏል፤ ልጆቻችንም ስማቸውን ይጠራሉ። ስለዚህ ሥዕላቸው በአንዱም ግድግዳ ላይ ስለሌለው፣ ሥራቸው ግን እኛ በየቀኑ ዳር ዳሩን ከምንነዳበት ሐይቅ ድረስ ስለደረሰው ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ለመጻፍ ወሰንን። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን።

እውነቱን ለመናገር እኛም ብንሆን ዘግይተን ነው ያወቅናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ (ሳንጨርሰው መቅረታችን ሌላ ታሪክ ነው) ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መኖሩን እናውቅ ነበር። ማን እንዳቋቋመውና ለምን እንደተቋቋመ ግን ጠይቀን አናውቅም፤ የፈተና ጥያቄ ሆኖ አልመጣማ! እንዶድን ግን ከዚያ በፊት እናውቀዋለን። በደርግ ዘመን ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን ሲሆንና እሱም ሲጠፋ፣ እናቶቻችን የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ ጋቢውንና ነጠላውን እንዴት አድርገው ያነጡት እንደነበር የማያስታውስ የእኛ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው። አረፋው ከኦሞ አይተናነስም ነበር። ዶክተር አክሊሉም ዓለምን ያስደነቀውን ነገር ያገኙት በዚህ በእናቶቻችን አረፋ ውስጥ ነው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተልከው ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ያገኙትም በባልቲሞር ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 ነው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዲግሪ የያዘ ወጣት አሜሪካ ልቅር ቢል የሚከለክለው አልነበረም። እርሳቸው ግን በዚያው ዓመት አገራቸው ገብተው ማስተማርና መመራመር ጀመሩ።

የገቡባት ኢትዮጵያ ሐኪም በጣት የሚቆጠርባት ነበረች። ይህንኑ ችግር ለማቃለል የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደ የገጠሩ ማሰማራት ጀምሮ ነበር። እነዚህ ባለሙያዎች በየጤና ጣቢያው ከሚገጥሟቸው ደዌዎች አንዱ ቢልሃርዝያ ነው። ይህ በሽታ እንደ ፈንጣጣ ወይም እንደ ኮሌራ ባንድ ጊዜ መንደር አይጨርስም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ትሉ በሰው ደም ሥር ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ አንጀትንና ጉበትን ያቆስላል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ የልጁ ሆድ ይነፋል፣ አቅም አጥቶ ከትምህርትም ከእርሻም ይቀራል። ከሰው ከወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ የሚፈለፈለው ጥቃቅን ፍጥረት ደግሞ አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ገላ ውስጥ ተራብቶ በብዙ ሺህ ሆኖ ይወጣና ወንዝ የሚሻገረውን፣ ውሃ የምትቀዳውን፣ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመት ነበር። ነርሷ መድኃኒት ብትሰጥም በሽተኛው ያው ከዚያው ወንዝ ይመለሳል። ስለዚህ ከሕክምናው ሌላ ቀንድ አውጣውን የሚያጠፋ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣው ኬሚካል ደግሞ በእንደኛ ባለ አገር አቅም የማይቀመስ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 ወደ አድዋ የሄዱት እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነው። ወንዙን ተከትለው ሲሄዱ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች ተሰብስበው ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዛት ከሌላው ስፍራ ሁሉ ይበልጣል። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ በዚያ አገር አጠራር ሽብቲ ይባላል። ከአጣቢዎቹ አንዷ አረፋውን፣ እርሳቸው በዕቃ ከያዟቸው በሕይወት ካሉት ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድታፈስላቸው ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ወዲያው ወደ ላቦራቶሪ ወስደው ደጋግመው ሞከሩት፤ ውጤቱ አልተለወጠም።

እኛን እጅግ የሚያስገርመን ይህችን ሰዓት ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት የተማረ ሰው አልፏል! ከጆንስ ሆፕኪንስ ከተመለሱ ገና ዓመት ያልሞላቸው ዶክተር፣ ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች አጠገብ ቆመው በምን እንደሚያጥቡ መጠየቃቸው ቀላል ነገር አይምሰለን። እኛ ዩኒቨርሲቲ በገባን በመጀመሪያው ዓመት እንኳ እናታችን የምትለውን መስማት አቁመን እንደነበር እናስታውሳለን።

በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱና የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። ሥራው እንዶድ ብቻ አልነበረም፤ በደጋው አገር ፊት የሚያበላሸውን ቁንጭርንም ያጠኑ ነበር። ስለ እንዶድ ግን ከሁሉ የሚልቀው በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 የተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ ነው። የእንዶዱ ፍሬ እየተዘጋጀ በከተማው ወንዞች ውስጥ ይጨመር ነበር። ሙከራው ሲጀመር ከትንንሾቹ ሕፃናት መካከል ከመቶው 50ው በሽታው ነበረባቸው፤ ሲያበቃ ከመቶው 7 ብቻ ሆኑ። ሕፃናቱ የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አዋቂው በሽታውን ቀድሞ የያዘው ሊሆን ይችላል፣ ገና ወደ ውሃው መውረድ የጀመረ ልጅ ካልታመመ ግን ወንዙ ጸድቷል ማለት ነው። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየአገሩ እየሰበሰቡና እየተከሉ፣ ኃይሉ የበረታውን ለይተው አወጡ፤ ይህም ዓይነት 44 ተብሎ የታወቀው ነው። በውስጡ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገርም በአሜሪካ ኬሚስቶች ተለይቶ ሲወጣ ለዶክተር አክሊሉ ክብር ሲባል ለማቶክሲን ተባለ። የአባታቸው ስም በኬሚስትሪ መጻሕፍት ገባ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ እንዶድ ወደ መላው አፍሪካ ይዛመታል ብሎ የማይጠብቅ ሰው አልነበረም። አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት የማያደርስ መሆኑ ዓለም አቀፉን ደንብ በሚያሟላ ላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ በቀር አንደግፈውም አሉ። እንዲህ ያለው ላቦራቶሪ ደግሞ ያኔ በኢትዮጵያ አልነበረም፤ በውጭ ለማስመርመር የሚጠይቀው ገንዘብም እጅግ ብዙ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያልደገፈውን ነገር ረጂ አገሮች አይረዱትም። አገር ቤት ደግሞ አብዮቱ ፈነዳ፤ ዶክተር አክሊሉም በ1976 አገራቸውን ትተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ያዙ።

በዚህ ማኅበር ውስጥ አገር ቤት ለዓመታት ነርስ ሆነው የሠሩ፣ በመብራት እጦት በፋኖስ ያዋለዱ እኅቶች አሉን። እዚህ ሲመጡ ወረቀታቸው አልታወቀም ተብለው፣ ከሀ ጀምረው እስኪፈተኑ ድረስ የሽማግሌ መጦሪያ ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረዋል። የዶክተር አክሊሉን ታሪክ ስናጫውታቸው ለማስረዳት ብዙ አልደከምንም። ሠርተህ ያሳየኸው ነገር ሌላ ሰው በሌላ ቦታ እንደገና ካልሠራው አይቆጠርልህም መባል ምን እንደሆነ ያውቁታል።

ሆኖም ፍርድ እንዳናጓድል እንፈልጋለን። የተጠየቀው ጥያቄ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። እንዶድ ቀንድ አውጣ ብቻ ሳይሆን ዓሣም ይገድላል፤ ሰው በሚጠጣው ወንዝ የሚጨመር ነገር መመርመሩም ተገቢ ነው። ቅሬታችን መመርመሩ ላይ ሳይሆን፣ መርምሩት ያለው ክፍል ኪሱን ሳይፈታ ዓመታት ማለፋቸው ላይ ነው። ዶክተር አክሊሉም እስከ መጨረሻው ሲከራከሩ የኖሩት፣ የድሃ አገር ሳይንቲስት ዋና እንቅፋቱ የዕውቀት እጥረት ሳይሆን ከድሃ አገር የሚወጣውን ዕውቀት አለማመን ነው በማለት ነበር።

መንገዱ የተከፈተው ከማን በኩል እንደሆነ ስንሰማ ደስ አለን፤ ከዚሁ ከካናዳ ነው! በ1986 ያኔ ስዋዚላንድ በምትባለው አገር፣ በምባባኔ ከተማ፣ በእንዶድ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ኦታዋ ያለው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል የደኅንነቱን ምርመራ በገንዘብ ደገፈ፤ የኦታዋው የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ከሌሎች ጋር ሆኖ ጥናቱን መራ። ውጤቱ በ1991 ታተመ። እንዶድ ዓይን ከማቃጠሉ በቀር ለሰው ይህን ያህል የሚያሰጋ ሆኖ አልተገኘም፤ ውሃ ውስጥም ፈጥኖ ስለሚፈርስ አይከማችም። ዓይን ማቃጠሉንማ እናቶቻችንን ብትጠይቋቸው በነፃ ይነግሯችሁ ነበር። አድዋ ላይ አረፋው ከፈሰሰበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር 27 ዓመት መሆኑ ነው።

በመካከሉ፣ በ1989፣ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም ተቀበሉ።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ። ከዳንፎርዝ ወደ ደቡብ ወርዶ በክዊን ጎዳና ወደ ምሥራቅ እስከ ጫፉ የነዳ ሰው በሐይቁ ዳር እንደ ቤተ መንግሥት የቆመውን የአር. ሲ. ሃሪስ የውሃ ማጣሪያ ያውቀዋል። ቧንቧችን ውስጥ የሚመጣው ውሃ የሚጠራው እንዲህ ባሉት ጣቢያዎች ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ዜብራ ሙሰል የሚባል፣ ጣት ጥፍር የሚያህል ባለ ቅርፊት ፍጥረት በመርከብ ከአውሮፓ መጥቶ በታላላቆቹ ሐይቆች ተራባ። እርስ በርሱ እየተጣበቀ የፋብሪካና የከተማ ውሃ መሳቢያ ቧንቧዎችን ይደፍናል፤ ለማስወገድም ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፈሷል። በ1990 በኤሪ ሐይቅ ዳር ያለው የኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። እርሳቸውም ቀንድ አውጣ የገደለ እንዶድ የቀንድ አውጣን ዘመድ ምናልባት ይገድል እንደሆነ ይሞከር አሉ። ተሞከረ፤ ገደለ። በ1993 በአሜሪካ ፓተንት ወጣበት፤ የዶክተር አክሊሉም ስም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ ተጻፈ። የአድዋ ልብስ አጣቢዎች ስም ግን እዚያ ወረቀት ላይ የለም።

በዚህ ምክንያት ያን ጊዜ ብዙ ሰው አዘነ፤ የድሃ አገር ገበሬዎችን ዕውቀት ከዝርፊያ እንከላከላለን የሚሉ ድርጅቶችም እንዶድን እንደ ምሳሌ እያነሡ ተከራክረውበታል። ከእኛም ወገን ዶክተሩን የሚወቅስ ሰው ገጥሞናል። እኛ ግን ለመውቀስ እንቸገራለን፤ ለሃያ ምናምን ዓመት በር ሲያንኳኩ የኖሩ ሰው የተከፈተላቸውን በር እምቢ ይበሉ ማለት ይከብዳል። ያዘንነው በሌላ ነው። እንዶድ በአፍሪካ ልጅ ሆድ ምክንያት ሊያገኝ ያልቻለውን ጆሮ በአሜሪካ ቧንቧ ምክንያት ባንድ ጊዜ አገኘ።

ዶክተር አክሊሉ በኋላ በዩኒሴፍ ተመድበው በፍሎረንስ ከተማ ባለው የሕፃናት ጥናት ማዕከል ሠርተዋል። በሚያዝያ ወር 1997 አረፉ። ዛሬ ቢልሃርዝያን ለመከላከል በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው አፍሪካ በዋናነት የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የተባለውን ክኒን ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ በማደል ነው። መልካም መድኃኒት ነው፤ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ረድቷል። ልጁ ግን ክኒኑን ውጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያንኑ ወንዝ በእግሩ ይሻገራል፤ ቀንድ አውጣውም እዚያው አለ። እንዶዱም በየአጥሩ ሥር ይበቅላል።

የማኅበሩ ኮሚቴ የዶክተር አክሊሉን ፎቶግራፍ በአዳራሻችን እንድንሰቅል ፈቅዶልናል። በትልቁ ሊታተም የሚችል ጥሩ ፎቶግራፋቸው ያለው አባል ለዝግጅት ክፍሉ ቢያውሰን በጥንቃቄ ይዘን እንመልሳለን።