ኤች ጂ ዌልስና የወለል ላይ ጦርነቱ

በጊዜ ውስጥ ስለምትጓዝ መኪና፥ ስለማይታይ ሰው፥ ከማርስ ወርደው ምድራችንን ስለ ወረሩ ፍጡሮች የተጻፉትን ልብ ወለዶች በስም እንኳ የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። የነዚህ መጻሕፍት ደራሲ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እኔ ግን የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ በሌላ በር ገብቼ ልተርከው አስቤአለሁ። ዌልስ በ46 ዓመቱ፥ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ፥ ወለል ላይ ተንበርክኮ በእርሳስ ወታደሮች ይጫወት ነበር። መጫወት ብቻም አይደለም፤ የጨዋታውን ሕግ ጽፎ በመጽሐፍ አሳትሞታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዌልስ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1866 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ በምትገኘው ብሮምሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆሴፍ የሸክላ ዕቃና የክሪኬት መጫወቻ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ሱቋ ግን ቤተ ሰቡን የምታበላ ስላልነበረች፥ በገንዘብ እየተቀጠረ ክሪኬት በመጫወት ኑሮውን ይደጉም ነበር። እናቱ ሣራ ከጋብቻዋ በፊት በመኳንንት ቤት ደንገጡር የነበረች ሴት ናት። ልጁ በ1874 ዓ.ም. እግሩ ተሰብሮ ለብዙ ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ ነው ንባብ የጀመረው። ከሽምግልናው አፋፍ ሆኖ የራሱን ታሪክ ሲጽፍ፥ ያንን ስብራት እንደ መልካም ዕድል ቈጥሮታል።

ሦስት ዓመት ቈይቶ ደግሞ የአባቱ እግር ተሰበረና ክሪኬቱ ቀረ፤ የቤቱም ገቢ ደረቀ። እናቱ በ1880 ዓ.ም. አፓርክ ወደሚባለው የቀድሞ እመቤቷ ግቢ ተመልሳ የቤት ሠራተኞች አለቃ ሆነች። ልጇንም እንደ ወንድሞቹ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ እንዲሆንላት ለሥራ ለማጅነት ሰጠችው። ሳውዝሲ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በቀን 13 ሰዓት ያህል ጨርቅ ሲያጥፍና ሲዘረጋ እየዋለ፥ ማታ ከሌሎቹ ለማጆች ጋር ባንድ አዳራሽ ይተኛ ነበር። ሁለት ዓመት ታገሠ። ከዚያ አንድ እሑድ ማለዳ ተነሥቶ፥ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ፥ 27 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጕዞ እናቱ ዘንድ ደረሰና ወደ ሱቁ እንደማይመለስ ነገራት። እናትየው ለሥልጠናው ገንዘብ ከፍላ ስለ ነበር ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም በመጨረሻ ተሸነፈች። እኔ የዌልስን ሕይወት ሳነብ፥ ከማርስ ፍጡሮች ሁሉ ይልቅ በሐሳቤ የቀረው ይህ የእሑድ መንገድ ነው።

በ1883 ዓ.ም. ሚድኸርስት በተባለች ከተማ እያስተማረ የሚማር ረዳት መምህር ሆነ። በማግሥቱ ዓመት የመንግሥት ነፃ ትምህርት አገኘና ለንደን ገብቶ ከስመ ጥሩው ሊቅ ከቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ሥር የሕያዋን ፍጥረታትን ትምህርት ተማረ። ሃክስሊ ካስተማረው ዓመት በኋላ ግን ትምህርቱን ችላ አለውና የመጨረሻውን ፈተና ወደቀ። በ1887 ዓ.ም. በዌልዝ አገር ሲያስተምር እግር ኳስ ሜዳ ላይ ኩላሊቱን ተመትቶ ለብዙ ጊዜ ታመመ። ዲግሪውን በ1890 ዓ.ም. አገኘ። ከዚህ በኋላ ያለው ለብዙዎች የታወቀ ነው፤ «የጊዜ መኪና» በ1895፥ «የማይታየው ሰው» በ1897፥ «የዓለማት ጦርነት» በ1898 ዓ.ም. ወጡና ድህነቱን ተሰናበተ።

እንግዲህ ወደ ወለሉ እንመለስ። ዌልስ ሳንድጌት በተባለች የባሕር ዳር መንደር በራሱ ገንዘብ ቤት አሠርቶ ከባለቤቱ ጋር ይኖር ጀመር። በዚያም ጂፕ ብለው የሚጠሩት የመጀመሪያው ልጁ በ1901፥ ሁለተኛው ፍራንክ በ1903 ዓ.ም. ተወለዱ። አባትየው ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ በእንጨት ጡብና በሳንቃ ከተማና ደሴት ይሠራ ነበር፤ ይህንንም ጨዋታ በ1911 ዓ.ም. «የወለል ጨዋታዎች» በሚል መጽሐፍ አወጣው።

በዚያ ዘመን ለልጆች የሚሸጥ፥ በሞላ ኀይል አንድ ኢንች የምታህል የእንጨት ጥይት የሚተኵስ ትንሽ መድፍ ነበረ። ጥሩ ተኳሽ ስምንት ሜትር ያህል ርቆ የቆመውን የእርሳስ ወታደር በርሱ ይጥላል። አንድ ቀን ምሳ የተጋበዘ ጓደኛው መድፉን አንሥቶ ወታደሮቹን እያነጣጠረ ይጥል ጀመር፤ እንግዳና ጋባዥም ተፎካከሩ። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ ዝም ብለው ከሚቆሙ ቢንቀሳቀሱስ የሚል ሐሳብ መጣ። ምንጣፉ ላይ የኢንሳይክሎፔዲያ ጥራዞች ተደርድረው ቤትና ኰረብታ ሆኑ። እነዚያን ከባድ መጻሕፍት ከዚህ በተሻለ የተጠቀመባቸው ተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዌልስ ሕጉን ቀስ በቀስ አሻሽሎ «ትናንሽ ጦርነቶች» የተባለውን መጽሐፍ በ1913 ዓ.ም. አሳተመ። እግረኛው ወታደር በአንድ ተራ 30 ሳንቲ ሜትር፥ ፈረሰኛው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። መድፍ የሚተኵሰው አራት ሰዎች አጠገቡ በሕይወት ሲኖሩ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በተራው እስኪበቃው የሚያስብበት ጊዜ አይሰጠውም፤ በሰዓት ተቈጥሮበት፥ ላቡ እየፈሰሰ ሠራዊቱን ያንቀሳቅሳል። ጦሩ ሲሰለፍ ደግሞ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እንዳያይ በሜዳው መካከል መጋረጃ ይጋረዳል። ይህን ሳነብ የአገራችን ሰንጠረዥ ትዝ አለኝ፤ በጥንቱ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እየተቻኰሉ የሚሰለፉበት ወረራ የሚባል መክፈቻ ነበረ። ችኰላ የጦርነት ባሕርይ መሆኑን አባቶቻችንም ዐውቀውታል ማለት ነው።

ዌልስ ከሁሉ በላይ የተጨነቀው ለሜዳው ነበር። ባዶ ሜዳ ላይ መድፉ ሁሉን ጠራርጎ ስለሚጥል ጨዋታው ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ መደበቂያ ያስፈልጋል፤ ከካርቶን የተቈረጠ ቤት፥ ሳንቃ ላይ ተበስቶ የተተከለ ቅርንጫፍ፥ በጠመኔ የተሰመረ ወንዝ። ዛሬ በየአገሩ ጨዋታውን ከወለል አንሥተው ጠረጴዛ ላይ ያወጡት ሰዎች ይህንኑ ይከተላሉ። ከሚሠሩአቸውም ሜዳዎች አንዱ የአሜሪካ የመኪና ሲኒማ ነው። ይህ ሲኒማ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ፊልም የሚያይበት ገላጣ ስፍራ ሲሆን፥ የመጀመሪያው በ1933 ዓ.ም. በኒው ጀርዚ ተከፈተ። በመልኩ ስናየው ዌልስ ራሱ የሚመርጠው ዐይነት የጦር ሜዳ ነው። ከፊት እንደ ገደል ቀጥ ብሎ የቆመው ትልቅ መጋረጃ ከጀርባው ያለውን ጦር ይሰውራል፤ መኪኖቹ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው የሚቆሙባቸው ዝቅተኛ የዐፈር ተረተሮች በተርታ ስለ ተዘረጉ ለእግረኛ እንደ ምሽግ ያገለግላሉ፤ በመካከሉ ያለችው የፊልም ማሳያና የምግብ መሸጫ ቤት ደግሞ ሁለቱም ወገን የሚመኛት ስፍራ ናት። ይህንን ሁሉ ከካርቶን፥ ከጨርቅና ከትናንሽ የመጫወቻ መኪኖች መሥራት ይቻላል።

በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ጨዋታው ከ12 ዓመት ልጅ አንሥቶ እስከ 150 ዓመት ሽማግሌ ለወንዶች ሁሉ እንደ ሆነ ተጽፎአል። ከሴቶች ግን የተጋበዙት የወንዶችን ጨዋታ የሚወዱት፥ በርሱ ግምት ብልሆቹ ብቻ ናቸው። እኔ ሴት ነኝና ግብዣውን ተቀብዬ ግምቱን ግን ለርሱ ትቼለታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። የጦርነት ጨዋታ ልጆችን ጦርነት ወዳድ ያደርጋል እየተባለ በየቤቱ ይነገራል፤ እኩዮቻችን በስልክ ሲታኰሱ የሚያይ ወላጅ ቢሠጋ አይፈረድበትም። በሰሜን አገራችን ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. የተደረገውን ጦርነት በዓይናቸው ያዩ ተማሪዎች አብረውን ይማራሉና፥ ነገሩ ለኛ ተራ ክርክር አይደለም። የፕሩሲያ ጦር መኰንኖች ከ1824 ዓ.ም. ጀምሮ በካርታ ላይ ጦርነትን የተጫወቱት ለእውነተኛው ለመዘጋጀት ነበር። ዌልስ ግን ከጨዋታው ያገኘው ተቃራኒውን ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ እንደሚገልጸው፥ አንድ ሰው በጥቂት የእርሳስ ወታደሮች ሦስት አራት ጊዜ ቢጫወት፥ በጥንቃቄ ያቀደው ሁሉ በችኰላና በስሕተት ሲበላሽ ያያል፤ ስለዚህ ሰው የሚሞትበት ትልቁ ጦርነት ምን ያህል የድንብርብር ሥራ እንደ ሆነ ይገባዋል። ጦር ናፋቂዎቹን ነገሥታትና ሹማምንትም፥ ወለሉ ሁሉ በቡሽ በተነጠፈ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ከወታደሮቻቸው ጋር ዘግቶ እስኪጠግቡ እንዲጫወቱ ማድረግ ይሻላል ሲል ይቀልዳል።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፥ በኦገስት 1914 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ምንጣፍ ላይ ይህን ሁሉ ያስተዋለው ሰው በዚያው ወር ብዕሩን አንሥቶ፥ ጀርመንን ድል ማድረግ ጦርነትን ከዓለም የሚያጠፋ ነው ብሎ ጻፈ። ከስምንት ሚሊዮን በላይ ወታደሮች አለቁ። በ1918 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት በመንግሥቱ የፕሮፓጋንዳ መሥሪያ ቤት ሠርቶ ተጣልቶ ወጣ። ጦርነቱ ሲያበቃ ጂፕ ገና የ17 ዓመት ልጅ ስለ ነበር ለጥቂት ተረፈ። እኔ በዚህ ዌልስን አልደግፈውም። ወለሉ ላይ የተማረውን አደባባይ ሲወጣ ረሳው፤ ከሁለቱ ዌልሶች የሚታመነውም ተንበርክኮ የሚጫወተው ነው። ይሁን እንጂ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ታሪክ ባለማወቃቸው ይጣላሉ ብሎ ስላመነ፥ የዓለምን ሁሉ ታሪክ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ በ1920 ዓ.ም. አበረከተ። መጽሐፉም እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ።

ስለሚመጣው ዘመን የነበረው ግምት የሚያስደንቅ ነው። ታንክ በጦር ሜዳ የታየው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፥ እርሱ በየብስ ላይ የሚሽከረከር የብረት ምሽግ የሚታይበትን ታሪክ ያሳተመው በ1903 ዓ.ም. ነው። በ1914 ዓ.ም. ባወጣው ልብ ወለድ ደግሞ አቶሚክ ቦምብ የሚለውን ስም ተጠቅሞ ከተሞች ሲቃጠሉ አሳየ። ይህን መጽሐፍ በ1932 ዓ.ም. ያነበበው ሊዮ ሲላርድ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ፥ በማግሥቱ ዓመት የአቶም ኀይል እንዴት በተከታታይ ሊፈታ እንደሚችል አሰበ።

ዌልስ ሂሮሺማ መቃጠሏን ለመስማት በቃ። በለንደን ላይ ቦምብ ሲዘንብ ከከተማው ለመውጣት እንቢ ብሎ ከቤቱ ሳይነቃነቅ ቈይቶ፥ ኦገስት 13 ቀን 1946 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ በዚያው ቤት ዐረፈ። ጂፕ በአባቱ መንገድ የሕያዋን ፍጥረታት ተመራማሪ ሆኖ ነበር። የዌልስ አስከሬን ተቃጥሎ አመዱን ልጆቹ በጀልባ ወስደው ባሕር ላይ በተኑት።