ማሕሌታዊው ያሬድና በደጃችን ያሉ ልጆች

ዛሬ ግንቦት 11 ቀን የቅዱስ ያሬድ መታሰቢያ በዓል ነው። በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ምእመናን በቀራንዮ መድኃኔዓለም የሚቆመውን ማሕሌት ስንሰማ፣ የዜማው ደራሲ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ የተቸገረ ሕፃን እንደነበረ ልናስታውስ ይገባናል።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በሞት ስለተለየው እናቱ ታውክልያ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። መምህሩ መዝሙረ ዳዊትን ሊያስተምረው ቢደክምም ሕፃኑ የተነገረውን መያዝ ተሳነው፤ እኩዮቹ ተሳለቁበት፣ መምህሩም ገረፈው። ተማርሮ በሸሸ ጊዜ ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንዲት ትል ወደ ፍሬው ለመድረስ እየወጣች እየወደቀች፣ በመጨረሻ ሲሳካላት ተመለከተና ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ስለ ትሏ ጽናት ብዙ ተነግሯል፤ እኛ ግን ጌዴዎንን እናስብ። ያሬድ ይቅርታ ሲለምን መምህሩ ተቀበለው። ድጓውና ዝማሬው፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ገና አልተሰሙም። ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው በጦራቸው እግሩን እስኪወጉት፣ እርሱም ሕመሙ እስካይሰማው የደረሰበት ቀን ሩቅ ነበር። በደጁ የቆመው ትምህርት የከበደው ሕፃን ብቻ ነበር።

በየሰፈራችን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች አሉ። ያሬድ ኋላ ትምህርቱ ተገልጦለታል፤ እነርሱ ግን ከውስንነታቸው ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ይኖራሉ። ይህ የወላጅ ኃጢአት ቅጣት አይደለም፤ አንዳንዱ ከፅንስ ጀምሮ፣ አንዳንዱ በምጥ ጊዜ በሚያጋጥም የአየር እጥረት፣ አንዳንዱም በማጅራት ገትር ሕመም ይመጣል። ሆኖም ወላጆቻቸው የሰው አፍ ፈርተው በጓዳ የሚያሳድጓቸው አሉ። እንዲህ ያለች እናት ከምጽዋት ይልቅ የምትሻው ልጇን በስሙ ጠርቶ ሰላም የሚለው ጎረቤት፣ በበዓል ከመሶቡ ዙሪያ የሚያስቀምጠው ቤት፣ እጁን ይዞ ወደ ቅዳሴ የሚሄድ እኩያ ነው። እንዲህ ያለውን ወዳጅነት የጀመረ ሰው ሰላምታው በእጥፍ ሲመለስለት፣ ከደጅ ሲጠበቅና ሲናፈቅ ያያል።

ያሬድ በስተመጨረሻ በሰሜን ተራሮች እንደተሰወረ ይነገራል፤ ዜማው ከእኛ ጋር ቀርቷል። ደጃችንን ስንከፍት ሌላ ያሬድ እንዲወጣልን ብለን አይሁን። በደጃችን የቆመው ልጅ የእኛው ስለሆነ ይሁን።

መልካም በዓል!