የቮልስ አባትና የዛገው ብሎን



መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሥ ጎንበስ ብለው ከኋላ ወንበር ገቡ። መኪናዋን ሁላችንም እናውቃታለን። የነደፋትን ሰውዬ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ፈርዲናንድ ፖርሽ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1875 ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ነው። መንደሯ ያኔ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት ነበረች፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ናት። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ፤ የልጁ ልብ ግን ወደ ኤሌክትሪክ ሸፈተ። በ18 ዓመቱ ቪየና ገብቶ በአንድ የኤሌክትሪክ ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1900 በፓሪሱ ኤግዚቢሽን ላይ ሞተሩ ጎማው እምብርት ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ መኪና ታየለት። እኛ ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የምናወራውን ሰውዬው ከመቶ ዓመት በፊት ሄዶበታል ማለት ነው።

በ1931 ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ የራሱን ቢሮ ከፈተ። በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት ያመለከተበት ሥራ ቶርሽን ባር የሚባለው ነው። ባሌስትራ ይታጠፋል፣ ጥቅል ሞላ ይጨመቃል፤ ይሄኛው ብረት ግን ይጠመዘዛል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ብረቱ ይጠመዘዝና መልሶ ወደ ቦታው ይመጣል። ቮልስ በአርሲ ኮረኮንች ላይ እየዘለለች የምትዘልቀው በዚህ ብረት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሳኝ አሰላ ግቢዬ ውስጥ ያለችው አሮጌ ቮልስ ናት። የጭላሎ ዝናብ ለገብሱ በረከት ነው፤ ለብረት ግን ጠላት። ጭቃው ከመኪናው ሆድ ላይ ይለጠፋል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ብሎንና ዳዶን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። የኋላውን አሞርዛቶሪ የያዘው ብሎን እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። በጉልበት ከመጣህበት አንገቱ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ ሥራው ከአንድ ወደ አሥር ይሆናል። መላው ትዕግሥት ነው። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥር አይገባም፤ መኪናው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል። ዝገቱ በብረት ብሩሽ ይጠረጋል፣ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ይቀባና ያድራል፣ በማግሥቱም ይደገማል። ከዚያ በመዶሻ ቀስ ብሎ ማንኳኳት፤ በልኩ ቁልፍ ትንሽ ማላላት፣ ትንሽ መልሶ ማጥበቅ፣ እንደገና ማላላት። በእሳት ማሞቅ የሚቀናው አለ፤ ቤንዚንና የጎማ ዕቃ ባለበት ግን አይሞከርም። ቶርሽን ባሩን የሚይዘው የኋላ ክንድ ደግሞ ተወጥሮ የተቀመጠ ስለሆነ ለባለሙያ ይተዋል።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። የሕይወቱ ዝገት የሚጀምረው በ1930ዎቹ ነው። ቢሮውን አብሮት ከመሠረቱት አንዱ አይሁዳዊው አዶልፍ ሮዘንበርገር ነበር። በ1935፣ ጣልያን እኛን በወረረበት ዓመት፣ ሮዘንበርገር ድርሻውን በስም ብቻ ባለ ዋጋ አስረክቦ ወጣ። ፖርሽ ደግሞ የሂትለርን የሕዝብ መኪና ፕሮጀክት ይዞ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። መኪናው በ990 ማርክ ይሸጣል ተብሎ ወደ 336 ሺህ ሰው በሳምንት 5 ማርክ ቴምብር እየገዛ ቆጠበ። ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው በዚያ ውል መኪና አልተረከበም። ጦርነቱ መጣ፤ ፋብሪካው ወደ ጦር መሣሪያ ዞረ፣ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችም በግዳጅ ሠሩበት።

ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዮች ፖርሽን ይዘው 20 ወር ያህል ፍርድ ሳይሰጡት አሰሩት። የከሰሱት በፈረንሳይ ፋብሪካዎችና ሠራተኞች ላይ ተፈጸመ ባሉት ነበር፤ ነሐሴ 1947 በገንዘብ ዋስትና ተለቀቀ፣ በኋላም ነፃ ተባለ። በራሱ ፋብሪካ ስለ ነበሩት የግዳጅ ሠራተኞች ግን ፍርድ ቤት ቆሞ አልተጠየቀም። በ1951፣ በ75 ዓመቱ ሞተ።

የሕግ ተማሪ የነበረ ሰው እዚህ ላይ ይርጋን ማሰቡ አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 ለውል ጥያቄ በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ይሰጣል። ጊዜ በሕግ ፊት ዕዳን ያላላል፤ በብረት ላይ ግን ያጠብቃል። የጀርመን ቆጣቢዎች ሁለተኛውን መንገድ መረጡ። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራትተው በ1961 አዲስ ቮልስ ለሚገዛ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ ለማይገዛ 100 ማርክ አገኙ። ጥቂት ነው። ግን ብሎኑ ሳይበጠስ ተፈታ። ለግዳጅ ሠራተኞቹ ካሳ የተጀመረው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ ብዙዎቹ በሕይወት አልደረሱበትም።

የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ስትወጣ የተሠሩት ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆነው ነበር። ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ታላቅ ሥራ ግን የሠሪውን ዕዳ አይሰርዝም፤ ዕዳውም ሥራውን አይሰርዘውም። እኛም የራሳችን ታላላቅ ሰዎች አሉን፤ አንዱ ወገን ቀለም ቀብቶ ያሳምራቸዋል፣ ሌላው በመዶሻ ይሰብራቸዋል። በቀለም የተሸፈነ ዝገት ከሥር መብላቱን አይተውም፣ የተሰበረ ብሎንም አይፈታም። የሚያዋጣው መዝገቡን ዘርግቶ፣ ሁለቱንም ዓምድ ማንበብ ነው።

ቸር እንሰንብት።