ካራሞጆ ቤል

ዋልተር ዳልሪምፕል ሜይትላንድ ቤል (ሴፕቴምበር 8 ቀን 1880 – ጁን 30 ቀን 1954) ስኮትላንዳዊ የዝሆን አዳኝ፣ የጦር አውሮፕላን አብራሪና ጸሐፊ ነበር። ለዓመታት ካደነበት ከሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳው የካራሞጃ ምድር የተነሣ «ካራሞጆ ቤል» ተብሎ ይታወቃል። በሕይወቱ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል። አብዛኞቹን የገደለው ግን የዘመኑ አዳኞች ለዝሆን ይይዙት በነበረው ከባድ ጠመንጃ ሳይሆን፣ ክብደቱ ቀላል፣ ጥይቱም ርካሽ በሆነ ጠመንጃ ነው። ስሙ በአዳኞች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው በዚህ ምርጫው ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወጣትነት

ቤል የተወለደው በኤድንብራ ከተማ አቅራቢያ ከሚኖር ሀብታም ቤተሰብ ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናትና አባቱን ስላጣ ያሳደጉት ታላላቅ ወንድሞቹ ናቸው። ትምህርት ቤት አልሆነለትም፤ ካስገቡት ቦታ እየጠፋ አስቸገረ፤ በ13 ዓመቱም መርከብ ላይ ሥራ ጀመረ። ልቡ ግን አፍሪካ ላይ ነበርና በ1896፣ በ16 ዓመቱ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይዘረጋ በነበረው የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ ላይ ሰው የሚበሉ አንበሶችን እንዲገድል ተቀጠረ። የያዘው ጠመንጃ .303 ካሊበር ሲሆን (ቁጥሩ የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት በኢንች ያመለክታል) በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነበር። የሳተ ሰው ሁለተኛውን እስኪያጎርስ አንበሳው እንደማይጠብቀው ግልጽ ነው።

ቀጥሎ ወርቅ ፍለጋው ወደ ደራበት ወደ ካናዳው ዩኮን ተሻገረ። እዚያ ለዶውሰን ከተማ ወርቅ ቆፋሪዎች የዱር እንስሳት እያደነ ሥጋ ያቀርብ ነበር፤ ሥጋውን የሚሸጠው ሸሪኩ ግን ገንዘቡን ይዞ ጠፋ። ቤል ባዶ እጁን ቀረ፤ ጠመንጃውን ሳይቀር ለመሸጥ ተገደደ። ወደ አፍሪካ የተመለሰው ወደ ቦር ጦርነት ከሚዘምት የካናዳ ፈረሰኛ ጦር ጋር ተቀጥሮ ነው። ጦርነቱ በ1902 ሲያበቃ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ የዝሆን ጥርስ ንግድ ለመጀመር ወደ ሰሜን ተጓዘ።

የጠመንጃ ምርጫው

በዚያን ዘመን ለዝሆን ተገቢ ነው ይባል የነበረው መሣሪያ ባለ ሁለት አፈሙዝ ከባድ ጠመንጃ ነበር። ይህ ጠመንጃ በብሪታንያ የእጅ ባለሙያዎች በትእዛዝ የሚሠራ ሲሆን ዋጋው ከተራ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከትላልቆቹ አንዳንዶቹ ከ6 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ ሲተኮሱም ትከሻ ይሰብራሉ። ብዙ አዳኞች እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ለተሸካሚ ሰጥተው ይጓዙና ዝሆኑ ጋ ሲደርሱ ይቀበሉ ነበር።

ቤልም መጀመሪያ ባለ ሁለት አፈሙዝ .450/400 ይዞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ .275 ሪግቢ አዘነበለ። ይህ ጠመንጃ ሪግቢ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ የጀርመኑን የማውዘር አካል ወስዶ የሚያበጀው ሲሆን፣ ጥይቱ ማውዘር ለወታደሮች ያወጣው ባለ 7 ሚሊሜትር ጥይት ነው። (በኢትዮጵያ «ቤልጅግ» የሚባለው የቤልጅየም ሥሪት ጠመንጃም ከማውዘር ዘር ነው።) ጠመንጃው ከ3 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ካዝናው አምስት ጥይት ይይዛል። እርሳሱ 11 ግራም ገደማ ሲመዝን የ.450/400 እርሳስ 26 ግራም ያህል ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ለዝሆን ሳይሆን ለድኩላ የሚሆን መሣሪያ ነው።

ምርጫው እብሪት አልነበረም፤ ስሌት ነበር። ቤል አደንን እንደ ንግድ ስለሚያይ የተኮሰውን ጥይትና የገደለውን ዝሆን በመዝገብ ይጽፍ ነበር። በግምቱ ለአንድ ኮርማ ዝሆን በአማካይ 73 ማይል፣ ማለትም 117 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በእግሩ ይሄዳል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 24 ጥንድ ጫማ ጨርሷል። ይህን ያህል ለሚሄድ ቀጭን ሰው እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ዕዳ ነው። ለሠራዊት በብዛት የሚመረተው የጀርመን ጥይት ደግሞ ርካሽና አስተማማኝ ነበር። ከዚህም የቀለለ ባለ 6.5 ሚሊሜትር ማንሊከር ሾናወር ሞክሮ ወዶት ነበር፤ የተወው ባገኘው ጥይት ጥራት ማነስ ነው። .318 ዌስትሊ ሪቻርድስም ይጠቀም ነበር፤ የዚህም ጥይት አላስተማመነውም።

ትንሽ ጥይት ዝሆንን ባለበት የሚጥለው አንጎሉን ካገኘ ነው። የዝሆን አንጎል ከግዙፉ ራሱ አንጻር ትንሽ ነው፤ የሚገኘውም ከራስ ቅሉ ወደ ኋላ ሲሆን፣ ዙሪያውን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ባለው አጥንት ተሸፍኗል። ቤል የገደላቸውን ዝሆኖች የራስ ቅል በመጋዝ እየሰነጠቀ አንጎሉ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገኝ አጠና። ከጎን ብቻ ሳይሆን ከኋላ በሰያፍ ተኩሶ መግደልንም ተካነበት፤ ይህ አተኳኮስ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የሚመርጠው ሙሉ የብረት ልባስ ያለውን የወታደር ጥይት ነው። ይህ ቀጭንና ረጅም እርሳስ አጥንት ውስጥ ሳይጨማደድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጫፉ ለስላሳ የሆነው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተደፍጥጦ ይቀራል። ሌላም ጥቅም ነበረው። የትንሹ ጠመንጃ ድምፅ እንደ ትልቁ ስለማያስደነግጥ፣ አንጎሉን የተመታው ዝሆንም ባለበት ጸጥ ብሎ ስለሚወድቅ፣ መንጋው ወዲያው አይበረግግም።

እንደ መዝገቡ ከገደላቸው ከ1,000 በላይ ዝሆኖች 800 ያህሉ የወደቁት በባለ 7 ሚሊሜትሩ ነው። ለአንድ ዝሆን በአማካይ አንድ ጥይት ተኩል ይበቃው ነበር። ጠመንጃውን ራሱ ይሸከማል፤ በየቀኑም ያለ ጥይት እያነጣጠረ ይለማመዳል። የተረፈውን የ.318 ጥይት በሐይቅ ላይ በሚበሩ ወፎች ላይ ጨርሶታል። ያዩት ሰዎች በእርሳስ ፍንጣሪ ጠመንጃ የሚተኩስ መስሏቸው ነበር።

ከካራሞጃ እስከ ጊሎ ወንዝ

በካራሞጃ የቤል ስኬት ከአገሬው ሰው ጋር ባበጀው ግንኙነት ላይ የቆመ ነበር። ዝሆን ያለበትን ለሚጠቁመው ላም ይሸልማል፤ ጥርሱን ወስዶ ሥጋውን ለሕዝቡ ይተዋል። ፒያሌ የተባለ የካራሞጃ ተወላጅ ዋና ዱካ ተከታዩና የቅርብ ጓደኛው ነበር። ከዚያም ቤልጅየም ለቅቃው በወጣችው በላዶ ግዛት፣ በሱዳን፣ በላይቤሪያና በመካከለኛው አፍሪካ አድኗል። ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ዛሬ ጋምቤላ ክልል ውስጥ በሚገኘው በጊሎ ወንዝ ረግረጋማ አካባቢ ያደነ ሲሆን፣ በ1923 ባሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ለዚህ ጉዞ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል።

በአንድ ቀን ዘጠኝ ዝሆኖች ገድሎ የጥርሱን ዋጋ 877 ፓውንድ ገምቶታል። ከአንድ ዘመቻም ከ23,000 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ጥርስ ይዞ ተመልሷል። ይህ ሁሉ ጥርስ አውሮጳና አሜሪካ ሄዶ የፒያኖ ቁልፍና የቢሊያርድ ኳስ ይሆን ነበር።

ትችት

ቤል የጻፈውን አንብበው በትንሽ ካሊበር ትልቅ አውሬ የገጠሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ አልቀናቸውም። ቤል ሜዳ ላይ፣ ጠመንጃ ብዙም ያልለመዱ ዝሆኖችን፣ ጊዜ ወስዶ እየመረጠ ይተኩስ ነበር። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ የሚንደረደር ዝሆን ግን ለማነጣጠር ጊዜ አይሰጥም። የቆሰለ ዝሆን ደግሞ አዳኙን ብቻ ሳይሆን በኋላ የሚያገኘውን መንገደኛ ሁሉ ይገድላል። ዛሬ ዝሆን ማደን በሚፈቅዱ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ቢያንስ .375 ካሊበር ወይም ለእርሱ የቀረበ ጠመንጃ በሕግ የተደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። የቤል ምርጫ ትክክል የነበረው ለቤል ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ የዝሆኖቹ ነው። ቤል በዘመኑ ሕግ ብዙ ጊዜ ፈቃድ ነበረው፤ ከገደላቸው ውስጥ ሴቶቹ 28 ብቻ እንደሆኑም መዝገቡ ያሳያል። ይሁን እንጂ ትልልቅ ኮርማዎችን እየመረጠ ከሚጨርሰው ንግድ ዋነኛ ተዋናዮች አንዱ እርሱ ነበር። ዓለም አቀፍ የዝሆን ጥርስ ንግድ የታገደው በ1989 ነው።

የኋላ ዘመን

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤል የብሪታንያ ንጉሣዊ የበረራ ጓድ አብራሪ ሆኖ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው፣ ቀጥሎም በባልካን ግንባር ተዋግቶ ሚሊተሪ ክሮስ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ከጦርነቱ በኋላ ጥቂት ዓመታት አድኖ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ። ከባለቤቱ ከኬት ጋር በሰሜን ስኮትላንድ ኮሪሞይሊ በተባለ ርስቱ ተቀመጠ፤ ትሬንችመር የምትባል የውድድር ጀልባም አሠርቶ ባሕር ላይ ይውል ነበር። በስተርጅናው አጋዘን ሲያድን የያዘው .220 ስዊፍት ከቀድሞው ጠመንጃው እጅግ ያነሰ እርሳስ የሚተኩስ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፉ «የካራሞጆ ሳፋሪ» በ1949 ወጣ። ቤል በ1954 በልብ ሕመም ሞተ። ትቶት ያለፈውን ጽሑፍ አሜሪካዊው የጠመንጃ ጸሐፊ ኮሎኔል ታውንሴንድ ዌለን አሰናድቶት በ1960 «የአፍሪካው ቤል» በሚል ርዕስ ታትሟል።