ፈጠራ ሥራ ነው፤ ከሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሕይወት የምንማረው

ከደምበል ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ የሚያቀና መንገደኛ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን አልፎ ጥቂት እንደተራመደ ከአፍሪካ አዳራሽ ይደርሳል። የአካባቢው ሠራተኛ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ማታም ወደ ቤቱ ሲመለስ በዚህ ሕንጻ አጠገብ ማለፍ ከጀመረ ከስድሳ ዓመታት በላይ ሆኖታል። በሕንጻው ውስጥ በሦስት ታላላቅ መስኮቶች የተከፈለ፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነ የባለቀለም መስታወት ሥራ አለ። ሠሪው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሲሆን ርእሰ ጉዳዩ የአፍሪካ ሕዝቦች ጠቅላላ ነፃነት ነው። የባለቀለም መስታወት ጠባይ ግን እንዲህ ነው፤ በቀን ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ጠቁሮና ደብዝዞ ይታያል። ቀለሙ የሚበራው፣ ምስሉም የሚነበበው ከውስጥ ሆኖ ብርሃኑን በመስታወቱ ውስጥ ለሚመለከት ሰው ነው። ስለ ሰፊው ሕዝብ ነፃነት የተሠራ ሥራ ለአላፊ አግዳሚው ሕዝብ ጥቁር መስታወት ሆኖ መታየቱ፣ ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ባለቤቱ ልንወያይበት የሚገባን ቁም ነገር መኖሩን ያመለክታል።

እንደሚታወቀው ስለ ፈጠራ ምንጭ ሁለት ተቃራኒ አመለካከቶች ሲፋለሙ ኖረዋል። ሀሳባዊው አመለካከት ፈጠራን ለጥቂት ምርጦች ከሰማይ የሚወርድ፣ ሊመረመርም ሆነ ሊጠና የማይችል ረቂቅ ስጦታ አድርጎ ያቀርበዋል። በዚህ አባባል መሠረት ሠዓሊው፣ ደራሲውና ሙዚቀኛው መንፈስ እስኪያድርባቸው ተቀምጠው የሚጠብቁ፣ ከኅብረተሰቡ በላይ የሚንሳፈፉ ፍጡራን ይሆናሉ። ሳይንሳዊው አመለካከት በአንጻሩ ፈጠራ የሰው ልጅ የሥራ ውጤት መሆኑን ያስተምራል። ዝንባሌ መኖሩን አይክድም፤ ሆኖም ዝንባሌ በትምህርት ካልተሞረደ፣ በልምምድ ካልጠነከረ፣ ከሕዝብም ሕይወት ካልተመገበ ጠውልጎ እንደሚቀር ያረጋግጣል። የአፈወርቅን የሕይወት ታሪክ የምናነሳው የዚህን እውነት ማስረጃ በጉልህ ስለምናገኝበት ነው። ስናነሳውም ጥንካሬውን ብቻ ሳይሆን ድክመቱንም ሳንሸሽግ ይሆናል።

አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለደ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ነፍስ ያወቀውም በወረራና በአርበኝነት ተጋድሎ ዘመን ነው። ከድል በኋላ የነበረችው ኢትዮጵያ መንገዷ የተበጣጠሰ፣ የተማሩ ልጆቿ በወራሪው ግፍ ያለቁባት አገር ነበረች። መንግሥት ወጣቶችን እየመረጠ ወደ ውጭ አገር ይልክ የነበረውም መሐንዲሶችና የልዩ ልዩ ሙያ ባለቤቶች ሆነው እንዲመለሱ ነው። አፈወርቅም እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር ሲላክ የተመደበለት ትምህርት የማዕድን ምህንድስና ነበር።

ወጣቱ ግን ወደ ሥዕል አዘነበለ። የማዕድኑን ትምህርት ትቶ በለንደን የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ድልድይና ፋብሪካ ለሚያስፈልጋት ደሃ አገር መሐንዲስ መሆን ሲገባው ብሩሽ ያነሳ ወጣት የአደራውን ዕዳ አልከፈለም ሊባል ይችላልን? ለጥያቄው መልስ የሚሰጠን አፈወርቅ የመረጠው ሙያ ስም ሳይሆን ሙያውን የያዘበት መንገድ ነው። በስሌድ የተማረው ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንጻ ጥበብንም ጨምሮ አጥንቷል። በእንዲህ ያለው ትምህርት ውስጥ ተማሪው የሰውን አካል አጥንትና ጡንቻ ይመረምራል፤ አንዲትን እጅ በትክክል ለመንደፍ በመቶ የሚቆጠር ወረቀት ይጨርሳል። በተሳሳተ ልኬት የተሠራ ድልድይ እንደሚደረመስ ሁሉ በተሳሳተ ንድፍ ላይ የተመሠረተ ሥዕልም ቀለሙ ቢያምር አይቆምም። ስለሆነም ወጣቱ ከምህንድስና ቢወጣም ከልኬትና ከዲሲፕሊን አልወጣም።

በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ ተምሮ የሚመለስ ሰው መንገዱ የታወቀ ነበር፤ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገብቶ ወንበር ይይዛል። አፈወርቅ ግን ከተመለሰ በኋላ በክፍላተ ሀገር እየተዘዋወረ የሕዝቡን አኗኗር፣ አለባበስ፣ ፊትና የመሬቱን ቀለም ማጥናትን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽኑን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለሕዝብ አሳየ። ቀጥሎም እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ኢጣልያን፣ ፈረንሳይን፣ ስፔይንን፣ ፖርቱጋልንና ግሪክን እየዞረ ለሁለት ዓመት ያህል ሲማር ቆየ። የባለቀለም መስታወትን ሙያ በሚገባ ያጠናው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚሁ ጉዞ የፈጸመው ሌላው ተግባር ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነው። በብሪታንያ፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ባለሥዕል የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ገልጦ መረመረ። በብሪታንያ ካሉት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ የወሰዳቸው ናቸው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የአባቶቹን የአሣሣል ዘዴ ለማጥናት የዘራፊውን አገር ደጅ መጥናት ግድ ሆኖበት እንደነበር ስናስብ፣ የቅኝ ገዢዎች በደል በመሬትና በጉልበት ላይ ብቻ የተወሰነ እንዳልነበረ እንገነዘባለን። አፈወርቅ ከአውሮፓ የተማረውን ቴክኒክ እንዳለ አልገለበጠም። ትላልቅ ዓይኖችን፣ ጥርት ያለውን ጥቁር መስመርና ደማቁን ቀለም ከብራናዎቹና ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ወሰደ። ብራናው ላይ ስማቸውን ሳያኖሩ ያለፉት ሠዓሊዎች የእሱ እውነተኛ መምህራን ነበሩ። ማንም ፈጣሪ ከባዶ አይነሳም የምንለው ስለዚህ ነው።

የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ የመሰብሰቢያው ሕንጻ ሥራ ተጀመረ። የሕንጻውን ንድፍ ያወጣው ኢጣልያዊው አርቱሮ መዜዲሚ ሲሆን የመስኮቶቹ ሥራ ለአፈወርቅ ተሰጠ። በመስኮቶቹ ላይ ያለፈው የመከራና የባርነት ዘመን፣ የነፃነት ትግሉና የወደፊቱ ተስፋ በየተራ ይታያሉ። ከሁሉም የሚሰፋው የመካከለኛው መስኮት ነው፤ በእሱም ላይ ችቦ የያዘ አፍሪካዊ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ንጋት ሲራመድ ይታያል። ከኋላቸው የልዩ ልዩ አገሮችን ልብስ የለበሱ ሕዝቦች ይከተላሉ።

የዚህን ዓይነት ሥራ አሠራር ማወቅ ስለ ፈጠራ ያለንን ግንዛቤ ያሰፋዋል። ሠዓሊው በመጀመሪያ በትንሽ ወረቀት ላይ ንድፉን ያወጣል፤ ቀጥሎ በመስኮቱ ትክክለኛ መጠን ያሳድገዋል። እያንዳንዱ የመስታወት ቁራጭ በንድፉ ልክ ይቆረጣል። የፊት ገጽታና የልብስ እጥፋት በልዩ ቀለም ይሣልና በምድጃ ይተኮሳል። ቁርጥራጮቹ በእርሳስ ብረት ዘንግ ይያያዛሉ፤ በመጨረሻም በጠንካራ ክፈፍ ላይ ይገጠማሉ። የቆራጩ እጅ ከሳተ፣ የምድጃው ሙቀት ከልክ ካለፈ፣ ወይም የበያጁ ሥራ ከላላ የሠዓሊው ሀሳብ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ ስም የተጻፈበት ይህ ታላቅ ሥራ የብዙ ሠራተኞች የተባበረ ጉልበት ውጤት ነው። በፋብሪካ የሚሠራ አንባቢያችን ይህን ለመረዳት የሥነ ጥበብ ምሁር መሆን አያስፈልገውም፤ የየዕለት ኑሮው ነውና።

አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በቅራኔ የተሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን ተቀዳጅተዋል። በአገራችን ግን በታኅሣሥ 1953 የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፤ ጭሰኛው ከሚያርሰው መሬት ለባላባቱ እየገበረ መኖሩን ቀጠለ። ለአህጉሩ ነፃነት አዳራሽ የሠራው ሥርዓት በቤቱ ያለውን ጭሰኛ በገባርነት ይዞ ነበር። አፈወርቅ የዚያ ሥርዓት ባለሟል እንጂ ተቃዋሚው አልነበረም። ከቤተ መንግሥት ድጋፍ አግኝቷል፤ የራስ መኰንንን ሐውልት ለሐረር ከተማ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1964ም በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተሰየመውን የሥነ ጥበብ ሽልማት ከተቀበሉት የመጀመሪያው ሆኗል። ይህን መሸሸግ ታሪክን ማዛባት ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ከአሠሪው ሀሳብ ሊያልፍ እንደሚችልም መስኮቶቹ ያሳያሉ። በመስታወቱ ላይ ችቦ ይዞ የሚራመደው ንጉሥ ወይም ባላባት አይደለም፤ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ሲመሠረት መሪዎቹ የፈረሙት የዚህ ስም የለሽ ሰው ምስል ባለበት ሕንጻ ውስጥ ነበር።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ልናጤነው የሚገባን የቋንቋችን ምስክርነት አለ። ጥበብ ማለት በአማርኛ ዕውቀትም ነው፤ ኪነትም ነው፤ ሸማኔው በቀሚስና በነጠላ ጫፍ ላይ የሚያወጣው ጥለትም ነው። ቋንቋውን የፈጠረው ሕዝብ በአሳቢውና በእጅ ሠራተኛው መካከል ግንብ አላቆመም። ግንቡን ያቆመው የፊውዳሉ ሥርዓት ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን ጠይብና ቡዳ እያለ ሲያዋርድ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ከሰው ልቡና በአዋጅ ብቻ አልወጣም። ጠይብ የሚለው ስድብ ጠቢብ ከሚለው የክብር ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑን ስናስተውል የንቀቱ ግፍ ይበልጥ ይገለጥልናል። መስታወትና እርሳስ በእሳት አዋህዶ ለሠራው ሰው አገር ሲሸልም፣ በሽሮ ሜዳ ጥለት የሚያወጣውን ሸማኔ ግን ጠቢብ ብሎ የሚጠራው ጥቂት ነበር። ልዩነቱ ሙያው ሳይሆን ሥርዓቱ የሰጠው ደረጃ ነው።

አፈወርቅ ራሱ ከዚህ የደረጃ አስተሳሰብ ነፃ አልነበረም። በዕድሜው እየገፋ ሲሄድ የማዕረግ ስሞች እየተደራረቡ፣ ከስሙ በፊት የሚነበበው ከስሙ የሚረዝም ሆነ። ቪላ አልፋ ብሎ የሰየመው መኖሪያውና የሥራ ቤቱ ራሱ ነድፎ ያሠራው ሲሆን የአክሱምን፣ የጎንደርንና የሐረርን የሕንጻ ጥበብ የሚያስታውስ ውብ ቤት ነው። ሆኖም ሠዓሊው እንደ ቤተ መንግሥት ባለ ቤት ውስጥ ሲኖር ከመንገደኛው የሚለየው አጥር እየረዘመ መሄዱን መካድ አይቻልም። ይህን የምንለው ለነቀፋ ብለን አይደለም። ኪነ ጥበብ ራሱን ከሠራተኛው አርቆ ባስቀመጠ መጠን ሠራተኛውም የኪነ ጥበብ ባለቤት አለመሆኑን እንዲያምን ስለሚያደርገው ነው።

ከሥራው ግን ወደኋላ አላለም። ሦስት የተለያዩ ሥርዓቶች ሲፈራረቁ ብሩሹን አላስቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1981 ራሱን የሣለበት ሥዕል በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው በታዋቂው የኡፊዚ ቤተ መዘክር ለመቀመጥ በቃ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበረ።

የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት በዘለቀ እድሳት ካለፈ በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። መስኮቶቹም ተጠርገውና ተጠግነው ብርሃናቸውን መልሰዋል። በዚያው ዓመት የቆየው የካዛንቺስ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ተነሥቶ፣ በአዳራሹ አጠገብ ሲመላለሱ የኖሩት ብዙ ነዋሪዎች ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ክፍሎች ተዘዋውረዋል። ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ችቦ የያዘውን ሰው በብርሃን አይቶታል? ይህ ጥያቄ ለሠዓሊው ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ እኛንም ሁላችንንም ይመለከታል።

በመሆኑም ከአፈወርቅ ሕይወት ሦስት ትምህርቶችን እንወስዳለን። አንደኛ፣ ፈጠራ ሥራ ነው፤ የሚማሩት፣ የሚለማመዱት፣ የሚደክሙበት ነው። በቀበሌው የወጣቶች ማእከል እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ልጅ መንፈስን ሳይጠብቅ እጅን መሳል ይጀምር። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር የሚፈጥር ሰው ከሕዝቡ ቅርስ ይነሳል፤ የውጭውንም ዕውቀት ሳይፈራ ይወስዳል፤ ነገር ግን አይገለብጠውም። ሦስተኛ፣ ሥራ ለሠሪው ስም ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። የነዋሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት አባሎቻቸውን አስተባብረው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ሊገቡ ይገባቸዋል።

መስታወቱ ከውጭ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ቀለም ስለሌለው አይደለም፤ ቀለሙን የሚያየው ወደ ውስጥ የገባ ብቻ ስለሆነ ነው። በሩን ማስከፈል ደግሞ የሠዓሊው ብቻ ሳይሆን የእኛም ሥራ ነው።