ሊንደን ጆንሰንና የደቡብ መራጮች

በዛሬው እሑድ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የ36ኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሊንደን ጆንሰንን ታሪክ ነው። እኚህ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 27 ቀን 1908 ዓ.ም. በቴክሳስ ገጠር፣ በፔደርናሌስ ወንዝ አጠገብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የድኾች ሜክሲኳውያንን ልጆች አስተማሩ። በ1937 የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1948 የሕግ መወሰኛውን ወንበር ሲሹ፣ በራሳቸው በዴሞክራት ፓርቲ ውስጥ በተደረገው የዕጩዎች ምርጫ ተቀናቃኛቸውን የቀደሙት በ87 ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ በዚያ ዘመን በቴክሳስ የዴሞክራትን ዕጩነት ያገኘ ወንበሩን እንዳገኘ ይቈጠር ነበርና።

ይህ ለምን ሆነ ቢባል፣ ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ደቡብን ድል ያደረጉት የሊንከን ፓርቲ ሬፑብሊካን ስለ ነበረ፣ የደቡብ ነጭ ለዚያ ፓርቲ ድምፅ መስጠትን አባቱን እንደ መካድ ያየው ነበር። ጥቁሩማ በሕግና በማስፈራሪያ ከምርጫ ሣጥን ርቆ ኖረ። እንግዲህ ታማኝነቱ ለፓርቲው ስም ሳይሆን ለአሮጌው ሥርዓት ነበር ለማለት እንደፍራለን።

ኬኔዲ በ1963 ተገድለው ጆንሰን በቦታው ሲተኩ፣ ለጥቁሮች እኩልነት የቀረበውን ሕግ አጥብቀው ያዙ። ዋናው ተቃዋሚ የጆርጂያው ሪቻርድ ራስል፣ ለራሳቸው ለጆንሰን በምክር ቤት እንደ አባት የሆኑላቸው ሰው ነበሩ። ጆንሰን ግን አልተመለሱም፤ ጁላይ 2 ቀን 1964 ፈረሙ። ጠቡ በራሳቸው ቤት ማለት ይህ አይደለምን?

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ የምርጫው ቀን ሲቃረብ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሌዲ በርድ ደቡብን ለማባበል በባቡር ከዋሽንግተን እስከ ኒው ኦርሊያንስ አራት ቀን በስምንት ግዛቶች ተጓዙ። በሳውዝ ካሮላይና የተሰበሰበው ሕዝብ ከፊሉ ሲያጨበጭብላቸው ከፊሉ ጮኾ አወካቸው። ጆንሰን 44 ግዛቶችን አሸነፉ፤ ነገር ግን አምስት የደቡብ ግዛቶች ሕጉን ለተቃወሙት ለሬፑብሊካኑ ጎልድዋተር ሆኑ። ከዚያ በፊት ሬፑብሊካን መርጣ የማታውቀው ጆርጂያ አንዷ ነበረች፤ በሚሲሲፒ ጎልድዋተር ከመቶ 87 አገኙ።

በ1965 የምርጫ መብት ሕግ ወጣ። በሚሲሲፒ ከመቶ ሰባት የማይሞሉት ጥቁር ተመዝጋቢዎች በ1967 ወደ ስድሳ ደረሱ። እነዚህ ለዴሞክራት ሲሰለፉ ነጩ በብዛት ወደ ሌላው ወገን ሄደ። ሆኖም የወረዳ ሹሙንና የምክር ቤት እንደራሴውን ወዲያው አልለወጠም፤ ጎረቤቱ ነውና። ሬፑብሊካን በሕግ መምሪያ ምክር ቤት አብዛኞቹን የደቡብ ወንበሮች የያዙት በ1994 በተደረገው ምርጫ ነው።

ጆንሰን ይህን አላዩም። በ1972 ኒክሰን ቴክሳስን ጨምሮ ደቡብን በሙሉ ሲያሸንፉ ግን በሕይወት ነበሩ። ጃንዋሪ 22 ቀን 1973 በእርሻቸው ላይ በልብ ሕመም ዐርፈው በተወለዱበት ወንዝ ዳር ተቀበሩ።